ባለ ብዙ ነጥብ የበር መቆለፊያ ምንድን ነው? አልከፈት ሲልስ?

ተራው የበር መቆለፊያ በሩን የሚይዘው አንድ ቦታ ላይ ነው፤ እጀታው አጠገብ። ባለ ብዙ ነጥቡ ግን ከላይም፣ ከመሃልም፣ ከታችም ይይዛል። በሩን ከፍታችሁ ጠርዙን ብታዩት ከላይ እስከ ታች የተዘረጋ ረጅም ላሜራ አለ። መንጠቆዎቹ፣ ሮለሮቹ (የሚሽከረከሩ ትንንሽ ፒኖች) እና ምላሱ ብቅ የሚሉት ከእሱ ላይ ነው። በፕላስቲክና በአልሙኒየም የውጭ በሮች ላይ በብዛት ይገጠማል።

እጀታውን ወደ ላይ ስታነሱት መሃል ያለው የማርሽ ሳጥን ይዞራል። እሱ ከላሜራው ኋላ ያሉትን ዘንጎች ይገፋል፤ መንጠቆዎቹም መቃኑ ላይ ወዳሉት መያዣዎች ይገባሉ። ቁልፉ የሚዞረው ከዚያ በኋላ ነው። ዋና ሥራውም የገባው እንዳይመለስ መያዝ ነው። ይህን የማያውቅ ሰው መንጠቆው ጥግ ሳይደርስ ቁልፉን በጉልበት ይጠመዝዛል። ቁልፉ ውስጡ ተሰብሮ ሲቀር አንዱ ጣጣ ሁለት ሆነ ማለት ነው።

መቆለፊያው አመል ሲያወጣ ሁሉም እሱን ይወቅሳል። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ የበሩ ነው። ለመለየት በሩን ክፍት እንዳለ እጀታውን አንስታችሁ ቁልፉን አዙሩ። እንደ ልብ ከሠራ መቆለፊያው ደህና ነው፤ በሩ ከቦታው ወርዷል፣ ወይም በፀሐይ ሙቀት ተለጥጧል። ጠዋት ደህና ውሎ ከሰዓት በኋላ እምቢ የሚል በር ካላችሁ መጀመሪያ ሙቀቱን ጠርጥሩ። መያዣዎቹንም ጠጋ ብላችሁ እዩ። መንጠቆው የሚፈገፍገው ጠርዝ ተፍቆ ያብለጨልጫል። ጭረቱ የታችኛው ከንፈር ላይ ከሆነ በሩ ወርዷል። ብዙዎቹ ማጠፊያዎች በባለ ስድስት ጎን መፍቻ ይስተካከላሉ። ትንሽ አዙራችሁ ሞክሩ፣ ደግሞ ትንሽ። ማጠፊያው የማይስተካከል ዓይነት ከሆነ የመያዣውን ብሎን አላልቶ ማንቀሳቀስ ይቻል ይሆናል።

በሩ ክፍት ሆኖም ከከበደ ነገሩ ውስጥ ነው። የደረቀውን ግሪስ ጠርጉና መንጠቆዎቹን ቀጭን ዘይት አስነኳቸው። የቁልፉ ቀዳዳ ውስጥ ግን ዘይት አታፍስሱ፤ አቧራ ይሰበስባል። ለእሱ የግራፋይት ዱቄት ይሻላል። እጀታው ዝም ብሎ የሚንጠለጠል፣ ወይም ዞሮ መንጠቆዎቹ የማይነቃነቁ ከሆነ የማርሽ ሳጥኑ ሳይሰበር አልቀረም። ብዙ ጊዜ ሳጥኑ ለብቻው ይቀየራል፤ ሙሉውን ላሜራ ግዙ ቢሏችሁ ቶሎ እሺ አትበሉ። ከመግዛታችሁ በፊት ከእጀታው አራት ማዕዘን ዘንግ መሃል እስከ ሲሊንደሩ (ቁልፉ የሚገባበት ክፍል) መሃል ለኩ፤ 92 ሚሊሜትር በጣም የተለመደ ነው። ከላሜራው ፊት እስከ ዘንጉ መሃል ያለውንም ያዙ። የአምራቹ ስም ብዙውን ጊዜ ላሜራው ላይ ተቀርጿል።

ከሁሉም የሚያስጨንቀው በሩ ተዘግቶ ሲቀር ነው። እልህ አትጋቡ። ቁልፉ ወደ መክፈቻው በኩል እስከ መጨረሻው መዞሩን አረጋግጡ። ከዚያ አንድ ሰው በሩን በትከሻው ይግፋ፣ እናንተ እጀታውን ቀስ አድርጋችሁ ጫኑ። ካልሆነ ወደ ራሳችሁ ሳቡት፤ የላይኛውንና የታችኛውንም ጥግ ተራ በተራ ሞክሩ። ጫናው ሲቀልለት መንጠቆው ይለቃል። እጀታው ብቻ ከተሰበረ ደግሞ እሱን ፈትታችሁ አራት ማዕዘኑን ዘንግ በፒንሳ ማዞር ይቻላል። ሲሊንደሩን ማውጣት ግን ቀላል አይደለም፤ የያዘው ረጅም ብሎን በሩ ጠርዝ ላይ ስለሆነ በሩ ሲዘጋ አይደረስበትም። እዚህ ከደረሳችሁ ቁልፍ ሠሪ ጥሩ።

በሩ አንዴ ከተከፈተ ደግሞ «ሠራ» ብላችሁ መልሳችሁ እንዳትቆልፉት። ምክንያቱ እስኪገኝ እጀታውን ሳታነሱ በምላሱ ብቻ ይዘጋ።