«ፊንላንዶች መቼ ስቀው ያውቃሉ?» እና ሌሎች የሰለቹኝ ክርክሮች

በየዓመቱ መጋቢት 11 ገደማ፣ የዓለም የደስታ ቀን ሲደርስ፣ ስልኬ እረፍት ያጣል። የዓለም የደስታ ሪፖርት ወጥቷል ማለት ነው። ፊንላንድ አንደኛ። ዘመድ፣ ጓደኛ፣ ያስተማርኳቸው ልጆች ዜናውን ይልኩልኛል። ከሥሩ የሚጻፈው ደግሞ ሁሌም አንድ ነው፦ «ውሸት ነው! ፊንላንዶች መቼ ስቀው ያውቃሉ?»

እኔ ስታቲስቲክስ አስተምራለሁ። ይህን ነገር ሰምቼ ሰምቼ ታክቶኛል። ሰው በደረጃ ላይ መከራከሩ አያናድደኝም። የሚያናድደኝ ምን እንደተጠየቀ ሳያይ መከራከሩ ነው። እስቲ አንድ በአንድ እንያቸው። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

«ደስተኛ አገር ማለት ሳቂታ አገር ነው»

አይደለም። ጋሉፕ የተባለው የጥናት ድርጅት በአብዛኞቹ አገሮች በየዓመቱ ወደ 1,000 ሰው ያናግራል። ደረጃው የሚወጣው ከአንዲት ጥያቄ ነው። ጥያቄዋ እንዲህ ትላለች፦ ከታች 0፣ ከላይ 10 የተጻፈበት መሰላል አስብ። ጫፉ ላንተ ሊኖር የሚችለው ምርጥ ሕይወት ነው። ታችኛው ደግሞ የመጨረሻው መጥፎ ሕይወት ነው። አንተ አሁን የትኛው ደረጃ ላይ ቆመሃል?

በቃ፣ ይኸው ነው። «ደስታ» የሚል ቃል እንኳ የለበትም። መሰላሉን ያመጣው ሃድሊ ካንትሪል የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ነው፤ በ1965 ነው ያሳተመው። የሦስት ዓመት መልስ ተደምሮ አማካዩ ይወሰዳል፤ አገሮች በዚያ ይደረደራሉ። ፊንላንድ ከ2018 እስከ 2025 በተከታታይ አንደኛ የሆነችው በዚህች ጥያቄ ነው። በ2025 ያገኘችው 7.736 ነበር።

ሴሚስተር ሲጀመር ክፍል ውስጥ የማሠራት ነገር አለች። ወረቀት አድላለሁ፤ ስም አይጻፍም። መሰላሉን አነብላቸዋለሁ፣ ቁጥራቸውን ይጽፋሉ። ከዚያ «ገልብጡት» እላለሁ። ከጀርባው «ትላንት ብዙ ስቀሃል ወይስ አልሳቅህም?» የሚለውን ይመልሳሉ። ወረቀቱን ሰብስቤ ጮክ ብዬ አነባለሁ። አንዱ ከፊት 4፣ ከኋላ «አዎ፣ በጣም»። ቀጣዩ ከፊት 8፣ ከኋላ «አልሳቅሁም»። ክፍሉ ዝም ይላል። ሁለቱም አልዋሹም። የመጀመሪያው ትላንት ከጓደኞቹ ጋር አምሽቶ ይሆናል፤ የሚቀጥለውን ወር ግን በምን እንደሚያልፈው አያውቅም። ሁለተኛው ትላንት ደክሞት ነው የዋለው። ሕይወቱ ግን መሬት ይዟል።

ጋሉፕ ይቺንም የሳቅ ጥያቄ ይጠይቃል። ትላንት ስቀሃል? በደንብ አርፈሃል? በክብር ተስተናግደሃል? አዲስ ነገር ተምረሃል? የዚህ ዝርዝር ፊተኞች በብዛት የላቲን አሜሪካ አገሮች ናቸው፤ ፓራጓይ በተደጋጋሚ አንደኛ ወጥታለች። ስለዚህ «ሳቂታው ሕዝብ የቱ ነው?» ለሚል ሰው መልስ አለው። ጥያቄው ግን ሌላ፣ ዝርዝሩም ሌላ ነው።

ከዚህ ጋር ተያይዞ ጋዜጠኞች ሳይቀሩ የሚሳሳቱት አለ። ሪፖርቱ ስለ ስድስት ነገሮች ያወራል፦ ገቢ፣ በጤና የሚኖር ዕድሜ፣ በችግር ጊዜ የሚደርስልህ ሰው መኖሩ፣ የራስን ሕይወት የመወሰን ነፃነት፣ ለጋስነት፣ ስለ ሙስና ያለ ግምት። ብዙ ሰው እነዚህ ተደምረው ደረጃው የወጣ ይመስለዋል። ደረጃው ሰዎች ከመሰላሉ የሰጡት ቁጥር ብቻ ነው። ስድስቱ የሚመጡት በኋላ ነው፤ ልዩነቱ ከምን እንደመጣ ለማስረዳት።

«ታዲያ ራሱን የሚያጠፋ ሰው የሚበዛበት አገር እንዴት አንደኛ ይሆናል?» ይሉኛል። ይህ የቆየ ወሬ ነው። በ1990 ገደማ ፊንላንድ ውስጥ ከ100,000 ሰው ወደ 30 የሚጠጋው በዓመት ራሱን ያጠፋ ነበር። አገሪቱ ሰፊ የመከላከል ሥራ ሠርታለች፤ ቁጥሩ ዛሬ ከግማሽ በታች ወርዷል። ደግሞም አማካዩ፣ ከመሰላሉ 2 ላይ ስለቆመው ሰው አይነግርህም። እኔ አገሮችን ከማወዳደር ይልቅ የሚያሳስበኝ ያ ሰው ነው። የ2024ቱን ሪፖርት ውሰዱ። አሜሪካ በጠቅላላው 23ኛ ነበረች። ዕድሜያቸው ከ60 በላይ የሆኑት ለብቻ ሲታዩ 10ኛ ትሆናለች። ከ30 በታች ያሉት ለብቻ ሲታዩ ደግሞ 62ኛ። አንድ አገር ነው፣ አንድ ዓመት ነው። አያትና የልጅ ልጅ ግን ሁለት የተለያየ አገር የሚኖሩ ይመስላሉ። ይህን የመሰለ ነገር እያለ በፊንላንድና በዴንማርክ መካከል ስላለው ልዩነት መነታረክ ጊዜ ማጥፋት ነው።

«ኑሮው የሚመቸው ለአገሬው ሰው ብቻ ነው» የሚሉም አሉ። የ2018ቱ ሪፖርት ውጭ አገር ተወልደው የገቡ ሰዎችን ለብቻ አውጥቶ አይቷል። በዚያም አንደኛዋ ፊንላንድ ሆነች። በብዙ አገሮች የስደተኛው ቁጥር ወደ አገሬው ቁጥር ተጠግቶ ነው የተገኘው።

«ቡታን የዓለም ደስተኛዋ አገር ናት»

በ2019ኙ ሪፖርት 95ኛ ነበረች። ዝነኛ ያደረጋት ንጉሧ በ1970ዎቹ ያነሱት ሐሳብ ነው፤ ከምርት ይልቅ የሕዝብ ደስታ ይለካ ያሉት። ሐሳቡ ይከበራል። ደረጃ ግን አይደለም።

«ሀብታም ከሆነ ከላይ ነው»

እዚህ ላይ የሰብዓዊ ልማት መለኪያ ይምጣ። የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ከ1990 ጀምሮ የሚያወጣው ነው። ሦስት ነገር ያያል፦ ሰው በአማካይ ስንት ዓመት ይኖራል፣ ስንት ዓመት ይማራል፣ ገቢው ስንት ነው። የገቢው አሰላል ብዙ ሰው የማያውቀው ነው። ከ1,000 ዶላር ወደ 2,000 ያደገ አገርና ከ30,000 ወደ 60,000 ያደገ አገር የሚጨመርላቸው ነጥብ እኩል ነው፤ ሁለቱም እጥፍ አድገዋልና። ከ75,000 ዶላር በላይ ያለው ደግሞ ጭራሽ አይቆጠርም። ይህ ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ። የመጀመሪያው 1,000 ለታመመ ልጅ መድኃኒት ይገዛል። የመጨረሻው 1,000 ያን ያህል የሚለውጠው ነገር የለም።

ከ2010 ወዲህ ሦስቱ የሚሰሉት በመደመር ሳይሆን በመባዛት ነው። አንዱ ከወደቀ ሌሎቹን ይዞ ይወርዳል። በነዳጅ የከበረ አገር ልጆቹን ካላስተማረ ሀብቱ ብቻውን አያወጣውም።

ገንዘቡ ራሱ የሚያታልልበት ጊዜም አለ። በ2015 የአየርላንድ ኢኮኖሚ በአንድ ዓመት 26 በመቶ አደገ ተባለ። የሰዉ ኑሮ በዚያ ልክ አላደገም። ትልልቅ ዓለም አቀፍ ኩባንያዎች ንብረታቸውን በወረቀት ወደዚያ አዙረው ነው። የአገሪቱ ስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት ከዚያ በኋላ ሌላ መለኪያ ለማዘጋጀት ተገደደ። ወደ መሰላሉ ከተመለስን ደግሞ በ2025 ኮስታ ሪካ 6ኛ ስትሆን፣ በገቢ በብዙ የምትበልጣት አሜሪካ 24ኛ ናት።

«ሦስት ደረጃ ወረደ፣ አለቀለት»

ደረጃ ሩጫ ነው። አንተ ፍጥነትህን ሳትቀንስ ሦስት ሰው ሊያልፍህ ይችላል። ማየት ያለብን ነጥቡን ነው። በሰብዓዊ ልማት መለኪያ የ2022 መረጃ ስዊዘርላንድ 0.967፣ ኖርዌይ 0.966 ነበሩ። ይህን ልዩነት ማንም ሰው ኑሮው ውስጥ አያገኘውም። ተቃራኒውም ይከሰታል። በ2020 እና በ2021 የዓለም ነጥብ ሁለት ዓመት ተከታትሎ ወርዷል፤ መለኪያው ከተጀመረ ወዲህ እንዲህ ሆኖ አያውቅም። በእንዲህ ያለ ጊዜ ነጥቡ ወርዶ፣ ሌሎች የባሰ ስለወረዱ ብቻ ደረጃው የሚሻሻል አገር ይኖራል። መረጃው ደግሞ የዘንድሮ አይደለም፤ የ2025ቱ ሪፖርት የያዘው የ2023ን ነው።

«አማካይ ዕድሜ 55 ከሆነ ሰው በ55 ይሞታል»

አይሞትም። ቁጥሩን የሚያወርደው በአብዛኛው በሕፃንነታቸው የሚሞቱት ናቸው። ልጅነቱን ያለፈ ሰው ከዚያ በላይ ብዙ ይኖራል።

«ነጮች ለራሳቸው የሠሩት ነው»

የሰብዓዊ ልማት መለኪያን የጠነሰሰው ፓኪስታናዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ ማህቡብ ኡል ሐቅ ነው፤ ያገዘው ሕንዳዊው አማርትያ ሴን። ሴን መጀመሪያ ላይ አልተዋጠለትም ነበር። የሰውን ኑሮ ያህል ነገር በአንድ ቁጥር መጨፍለቅ ሸካራ ነው አለ። ሐቅ ግን ባለሥልጣናትን ከምርት ቁጥር ዓይናቸውን የሚያስነቅል እንደዚያው ሸካራ የሆነ አንድ ቁጥር ያስፈልጋል ብሎ አሳመነው። ሠሪዎቹ ራሳቸው ጉድለቱን ከመጀመሪያው ያውቁት ነበር።

«አንደኛ የወጣው ከተማ ለእኔም አንደኛ ነው»

ይህን ለመጨረሻ ያቆየሁት ቤቴ ድረስ ስለመጣ ነው። የእህቴ ልጅ ለማስተርስ ወደ ውጭ ልትሄድ አስባለች። አንድ ማታ ስልኳን ዘረጋችልኝ። «ጋሼ፣ ቪየና ሦስት ዓመት ሙሉ አንደኛ ነበረች። በ2025 ደግሞ ኮፐንሃገን። ከሁለቱ አንዱን ልምረጥ።»

ዝርዝሩ ለኑሮ የሚመቹ ከተሞችን የሚደረድር ነው፤ የሚያወጣው ኢኮኖሚስት ኢንተለጀንስ ዩኒት የተባለው የጥናት ድርጅት ነው፤ 173 ከተሞች አሉበት። «የቤት ኪራይ የቱ ጋ አለ?» አልኳት። ፈለገች፣ አጣችው። የለም። ነጥቡ የሚከፋፈለው እንዲህ ነው፦ መረጋጋት 25 በመቶ፣ ባህልና አካባቢ 25፣ ጤና 20፣ መሠረተ ልማት 20፣ ትምህርት 10። ጥሩ ቤት መኖር አለመኖሩ ይታያል፤ ስንት ይከራያል የሚለው ግን የለም። የኑሮ ውድነት ሌላ ጥናት ነው።

ለምን ቢባል ዝርዝሩ የሚያገለግለው በዋናነት ሠራተኛ ወደ ውጭ ለሚልኩ ድርጅቶች ስለሆነ ነው። ከ100 ነጥብ 80 እና ከዚያ በላይ ላገኘ ከተማ የችግር አበል አያስፈልግም፤ ከ50 በታች ለሆነው እስከ ደመወዙ 20 በመቶ ይጨመር፣ የሚል ምክር ነው የቆየው። መርሰር የተባለው ድርጅት የሚያወጣውም ለዚሁ ነው፤ እሱ ኒውዮርክን 100 አድርጎ ሌሎቹን ከእሷ ያመዛዝናል። የእህቴ ልጅ አበል የሚቆርጥላት መሥሪያ ቤት የላትም።

ስለዚህ የነገርኳት ይህን ነው፤ ለሌላውም ይጠቅማል። ከየትኛውም ዝርዝር በፊት የራስሽን ጥያቄ ጻፊ። ኪራይ ከወር ገንዘብሽ ስንቱን ይወስዳል? የተማሪ ቪዛው በሳምንት ስንት ሰዓት ያሠራል? ስትታመሚ ሐኪሙን በምን ቋንቋ ታናግሪዋለሽ? ስትመረቂ ሥራ ለመፈለግ ስንት ወር ይሰጡሻል? እዚያ የሚኖር ሰው ካገኘሽ ገና የገባውን አትጠይቂ፤ ሁለተኛ ክረምቱን ያሳለፈውን ጠይቂ። አገር ለማወዳደር ደግሞ ኦኢሲዲ (በአብዛኛው የበለጸጉ አገሮች የምጣኔ ሀብት ትብብር ድርጅት) በ2011 ያወጣው የተሻለ ሕይወት መለኪያ አለ። 11 ርእሶች አሉት፤ የትኛው ስንት ይመዝን የሚለውን አንባቢው ራሱ ይወስናል።

ባለፈው ሳምንት ወረቀቷን አምጥታ አሳየችኝ። ለኪራይ 35፣ ለሥራ ፈቃድ 30፣ ለቋንቋ 20፣ ለትምህርቱ ጥራት 15። ለትምህርቱ ጥራት አሳነስሽ ብዬ ተከራከርኳት፤ «የመረጥኳቸው ሁሉ ጥሩ ናቸው፣ ልዩነቱ ሌላው ላይ ነው» አለች። እውነቷን ነው። ከላይ የወጣችው ከተማ ስሟን በየዓመቱ ዜና ላይ የማንሰማት ናት። ቋንቋውን ለመጀመር ተመዝግባለች።