በቤተ ሙከራ አይጦች ኮሌስትሮል ዙሪያ የተለመዱ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

አንድ ቅጠል ወይም ምግብ «በአይጦች ላይ ተሞክሮ ኮሌስትሮልን ቀንሷል» የሚል ዜና ስናነብ አብዛኞቻችን የምንጠይቀው በስንት እንደቀነሰ ነው። ከዚያ ቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባው ግን የሙከራው አይጥ ከየትኛው ዝርያ እንደሆነና የትኛው ጂኑ እንደተነካ ነው፤ ምክንያቱም በአይጥ ደም ውስጥ የሚገኘውን የኮሌስትሮል መጠን በእጅጉ የሚወስነው የዘር ውርሱ ነው።

«የአይጥ ኮሌስትሮል ከሰው ጋር አንድ ነው»

አንድ አይደለም። በምርምር እጅግ የተለመደው ሲ57ብላክ/6 የተባለው ጥቁር አይጥ ተራ መኖ እየተመገበ በደሙ ውስጥ የሚኖረው ጠቅላላ ኮሌስትሮል ከ100 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር በታች ነው፤ የዚህም አብዛኛው በተለምዶ «ጥሩ» በሚባለው በኤችዲኤል ላይ የተጫነ ነው። በሰው ግን ትልቁን ድርሻ የሚሸከመው «መጥፎ» የሚባለው ኤልዲኤል ነው። ለዚህ ልዩነት ዋናው ምክንያት ኮሌስትሮልን ከኤችዲኤል ወደ ሌሎቹ የስብ ተሸካሚዎች የሚያሻግረው ሲኢቲፒ የተባለ ፕሮቲን በአይጥ ደም ውስጥ አለመኖሩ ነው። በዚህም የተነሳ ጤነኛ አይጥ ተራ መኖ እየበላ ቢያረጅም ደም ቅዳ ቧንቧው በስብ አይደፈንም።

«ሁሉም ከምግብ ነው»

ይህን ለመመርመር በእህትና ወንድም መካከል ቢያንስ ለ20 ትውልድ የተዳቀሉ፣ ስለዚህም በዘር እርስ በርሳቸው መንትያ ያህል የሚመሳሰሉ ዝርያዎች አሉ። ሲ57ብላክ/6ንና ሲ3ኤች የተባለውን ዝርያ በአንድ ክፍል አኑረን 15 በመቶ ስብ፣ 1.25 በመቶ ኮሌስትሮልና 0.5 በመቶ የሐሞት አሲድ ያለበትን አንድ ዓይነት መኖ እንስጣቸው። የመጀመሪያው ኤችዲኤሉ ይወርዳል፤ ከልቡ በሚወጣው ዋና ደም ቅዳ ግርጌም በቀይ ቀለም ተነክሮ በአጉሊ መነጽር የሚታይ የስብ ክምችት ይጀምረዋል። የሁለተኛው ኤችዲኤል ግን ብዙም አይወርድም፣ ቧንቧውም ንጹሕ ነው ለማለት ይቻላል። መኖው አንድ ሆኖ ሳለ ውጤቱን የለየው ውርስ ነው። እንዲህ ያሉ ዝርያዎችን በማዳቀል ከተለዩት ጂኖች አንዱ በ1ኛው ክሮሞሶም ላይ የሚገኘው አፖ-ኤ2 ሲሆን፣ ኤችዲኤላቸው ከፍ ያለውን ዝርያዎች ዝቅ ካለው የሚለየው በፕሮቲኑ 61ኛ ቦታ ላይ ያለች የአንዲት አሚኖ አሲድ ለውጥ ናት።

«አንድ የኮሌስትሮል ጂን አለ»

ይህ አመለካከት የመጣው በ1992 (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በአሜሪካ ሁለት የምርምር ቡድኖች፣ አንዱ በሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ሌላው በሮክፌለር ዩኒቨርሲቲ፣ አፖ-ኢ የተባለውን ጂን በማጥፋት ካገኙት አስደናቂ ውጤት ይመስለኛል። አፖ-ኢ የሌለው አይጥ ተራ መኖ እየበላ ኮሌስትሮሉ ከ400 እስከ 600 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር ይደርሳል፣ ስብ ሲሰጠው ደግሞ ከ1000 ያልፋል። ሆኖም ይኸው ጂን ከሲ3ኤች ዝርያ ሲጠፋ፣ የደሙ ኮሌስትሮል እንደዚያው እየናረ የቧንቧው ጉዳት ግን እጅግ ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። ሌሎች ጂኖች በነገሩ ውስጥ እንዳሉበት ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

«ኤችዲኤል ከፍ ካለ ሁልጊዜ መልካም ነው»

ብዙ ሰው ላይ ሥር የሰደደው ይህኛው ነው፣ ስለዚህም ትንሽ ልቆይበት። ጉበት ኮሌስትሮልን ከኤችዲኤል የሚቀበልበት ኤስአር-ቢ1 የሚባል በር አለው። በ1997 የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ተመራማሪዎች የዚህን በር ጂን ሲያጠፉ የአይጦቹ ጠቅላላ ኮሌስትሮል እጥፍ ያህል ሆነ፤ የጨመረውም በኤችዲኤል ውስጥ ያለው ነበር። ቁጥሩን ብቻ ያየ ሰው ጤናቸው የተሻሻለ ይመስለዋል። ይሁን እንጂ ይህ ጉድለት ከአፖ-ኢ ጉድለት ጋር ሲጣመር የልባቸው ቧንቧዎች ተዘግተው በ6 ሳምንት ዕድሜ ገደማ መሞት ጀመሩ። ኤችዲኤል በደም ውስጥ የበዛው ጭነቱን የሚያራግፍበት በር ስለተዘጋበት ነበር። በ2016 የዚሁ ጂን ጉድለት ያለባቸው ሰዎችም ኤችዲኤላቸው ከፍ ብሎ ሳለ የልብ ሕመም ተጋላጭነታቸው የጨመረ መሆኑ ተገልጿል።

«ስለዚህ የአይጥ ጥናት ለሰው አይጠቅምም»

ይህም ስህተት ነው። ፒሲኤስኬ9 የተባለው ጂን በኮሌስትሮል ላይ ያለው ሚና በ2003 በፈረንሳይ ቤተሰቦች ከታወቀ በኋላ፣ በ2005 ጂኑ የጠፋባቸው አይጦች ኮሌስትሮላቸው በግማሽ ገደማ ቀንሶ ታየ፤ ከጂኑ የሚሠራውን ፕሮቲን የሚያግዱ መድኃኒቶችም በ2015 ለሕክምና ተፈቀዱ። በተቃራኒው ጃፓናዊው አኪራ ኤንዶ በ1970ዎቹ ስታቲን ከሚባሉት ኮሌስትሮል ቀናሽ መድኃኒቶች የመጀመሪያውን «ራት» በሚባሉት ትልልቅ የቤተ ሙከራ አይጦች ላይ ሲሞክር ኮሌስትሮላቸው አልወረደም። ጉበታቸው መድኃኒቱ ያገደበትን፣ ኮሌስትሮል ለመሥራት የሚያገለግለውን ኢንዛይም ይበልጥ አብዝቶ እያመረተ መድኃኒቱን ይቋቋመው ነበር። መድኃኒቱ ተጥሎ ከመቅረት የዳነው በእንቁላል ጣይ ዶሮዎች ላይ ተሞክሮ ኮሌስትሮላቸው በግልጽ ስለቀነሰ ነው።