አብሮ የሚወለድ የውሻ የልብ ሕመምና የደም ምርመራው፦ ከደሴና ከኮምቦልቻ አንጻር

አንዳንድ ቡችላ ከነልብ ጉድለቱ ይወለዳል። በብዛት የሚታዩት ሦስት ናቸው፦ ከውልደት በኋላ መዘጋት የነበረበት ቧንቧ ክፍት መቅረቱ (ፒዲኤ)፣ ወደ ሳንባ የሚወስደው የልብ በር መጥበቡ፣ ከአኦርታ (ደም ከልብ ወደ ሰውነት የሚያወጣው ዋና ቧንቧ) በር ሥር ያለው መተላለፊያ መጥበቡ። ፒዲኤ ከወንድ ይልቅ በሴት ይበዛል። ጀርመን ሼፐርድና ፑድል ላይ ይዘወተራል። በዘር እንደሚተላለፍ የፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲው የእንስሳት ሐኪም ዶናልድ ፓተርሰን በ1960ዎቹና በ70ዎቹ አሳይተዋል።

ከደም መለኪያዎቹ ብዙ የተጻፈለት ኤንቲ-ፕሮቢኤንፒ ነው። የልብ ጡንቻ ደም በዝቶበት ሲለጠጥ ቢኤንፒ የሚባል ሆርሞን ያመነጫል። ሆርሞኑ እ.ኤ.አ. በ1988 ጃፓን ውስጥ መጀመሪያ የተገኘው ከአሳማ አንጎል ነበር። ቶሎ ስለሚጠፋ አብሮት የሚወጣው ቁራጭ፣ ማለትም ኤንቲ-ፕሮቢኤንፒ፣ ይለካል። ችግሩ፣ ኩላሊት ሲታመምም ቁጥሩ ይጨምራል። ደግሞም ልብ መጨነቁን እንጂ የትኛው በር እንደጠበበ አይናገርም። ያንን የሚለየው የልብ አልትራሳውንድ ነው። ሌላው የደም መለኪያ ትሮፖኒን የልብ ጡንቻ ሲጎዳ ይጨምራል።

ለእኛ አካባቢ የሚቀርበው ግን ቀይ ሴል ከደሙ ስንት በመቶ እንደሚይዝ የሚያሳየው ልኬት ነው። የኮምቦልቻው የእንስሳት ጤና ላብራቶሪ ለምሥራቅ አማራ ከብት የቆመ ባለውለታ ነው። በደሴም የወሎ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት አለ። የከብት የገንዲ በሽታን የመረመረ ባለሙያ ሁሉ የዚህን ልኬት አሠራር ያውቀዋል። ደሙ ቀጭን የመስታወት ቱቦ ውስጥ ይገባል፤ አንዱ ጫፉ በጭቃ መሰል ነገር ይደፈናል፤ ማሽኑ ለአምስት ደቂቃ ያሽከረክረዋል። ከዚያ ቀዩ ዓምድ በመለኪያ ይነበባል።

የጤነኛ ውሻ የቀይ ሴል መጠን በአብዛኛው ከ37 እስከ 55 በመቶ ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ከኮምቦልቻ ከ600 ሜትር በላይ ትበልጣለች። ስለዚህ የደሴ ውሻ ጥቂት ከፍ ቢል አያስደነግጥም። ከ65 በመቶ ካለፈ ግን ሌላ ነገር አለ።

አንዱ ምክንያት የፒዲኤ መገልበጥ ነው። በክፍቱ ቧንቧ የሚያልፈው ደም አቅጣጫው ሲገለበጥ ኦክስጅን ያነሰው ደም ወደ ኋላኛው የሰውነት ክፍል ይሄዳል። ኩላሊቶቹም ብዙ ቀይ ሴል እንዲሠራ ያዝዛሉ። በስቴቶስኮፕ የሚሰማው የማያቋርጥ ድምፅ ያን ጊዜ ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ ድዱን ብቻ አይቶ መተው አይበቃም። ድዱ ቀይ ሆኖ የብልቱ ውስጠኛ ሽፋን ሊጠቁር ይችላል። እንዲህ ባለው ውሻ ቧንቧውን መዝጋት ይገድለዋል። የሚደረግለት ደሙን ጥቂት በጥቂት ቀድቶ በፈሳሽ መተካት ነው።