«ሱፐርስኮር» የሚባለው ውጤት እንዴት ይሰላል?

በደብረ ማርቆስ ለውጭ አገር ዩኒቨርሲቲ የሚያመለክቱ ተማሪዎቼን ከሁሉ በላይ ግራ የሚያጋባቸው፣ በአሜሪካ ኮሌጆች የነፃ ትምህርት ዕድል ማስታወቂያ ላይ የሚያነቡት «ሱፐርስኮር» የሚለው ቃል ነው። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናን የለመደ ተማሪ ውጤት ማለት በአንድ የፈተና ወቅት የተገኘ ድምር ነው ብሎ ስለሚያስብ፣ ግራ መጋባቱ አያስደንቅም።

ብዙ የአሜሪካ ኮሌጆች ለመግቢያ የሚቀበሉት ኤስኤቲ (SAT) የተባለው ፈተና ሁለት ክፍሎች አሉት፤ አንዱ ንባብና ጽሑፍ፣ ሌላው ሒሳብ ሲሆን፣ የእያንዳንዱ ውጤት ከ200 እስከ 800 ስለሆነ ድምሩ ከ400 እስከ 1600 ይደርሳል። አንዲት ተማሪ መጀመሪያ ስትፈተን በንባብና ጽሑፍ 640፣ በሒሳብ 700 አግኝታ በድምሩ 1340 አመጣች እንበል። ሁለተኛ ስትፈተን ንባቡ ወደ 690 ከፍ አለ፤ ሒሳቡ ግን ወደ 660 ወርዶ ድምሩ 1350 ሆነ። ሱፐርስኮር የሚቀበል ኮሌጅ ከሁለቱ ቀናት የተሻሉትን 690 እና 700 ወስዶ 1390 ብሎ ይይዝላታል። ለነፃ ትምህርቱ የተጠየቀው መነሻ 1380 ቢሆን፣ በአንዱም ቀን ብቻውን ያልደረሰችበትን መስፈርት አሟላች ማለት ነው፤ ይህም ማጭበርበር ሳይሆን ኮሌጁ ራሱ የደነገገው አሠራር ነው።

ሁሉም ኮሌጅ ግን እንዲህ አያሰላም፤ ለመግቢያ የተቀበለውን ስሌት ለነፃ ትምህርት ዕድል ላይቀበል ስለሚችል፣ ሁለቱን መመሪያዎች ለየብቻ ማንበብ ያስፈልጋል። መነሻውን ማሟላትም በአንዳንዱ ዘንድ ገንዘቡን በቀጥታ ሲያስገኝ፣ በሌላው ዘንድ ለውድድር ብቻ ያበቃል። ከጎጃም ተነሥቶ ለመፈተን የጉዞና የመመዝገቢያ ወጪ የሚሸፍን ቤተሰብ፣ ልጁ ዳግመኛ ቢፈተን የሚያዋጣ መሆን አለመሆኑን የሚያውቀው በዚህ ነው።