ኮኔክሽን ፑል ምንድን ነው? ሲሞላስ ለምን ይሞላል?

ደመወዝ በገባበት ሳምንት ባሕር ዳር ውስጥ አንድ የብድርና ቁጠባ ቅርንጫፍ ገብቶ «ሲስተም የለም» ያልተባለ ደንበኛ ጥቂት ነው። ብዙ ጊዜ ግን ሲስተሙ አለ። ሰርቨሩ በርቷል፣ ሲፒዩው አልተጨናነቀም፣ ዳታቤዙም ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል። ያለቀው ኮኔክሽን ፑሉ ነው።

ኮኔክሽን ፑል ማለት አፕልኬሽኑ ከዳታቤዙ ጋር አስቀድሞ ከፍቶ የሚይዛቸው የተወሰኑ ግንኙነቶች ናቸው። ጥያቄ ሲመጣ አንዱ ይወሰዳል፣ ሥራው ሲያልቅ ይመለሳል። አስቀድሞ መክፈት ያስፈለገው አዲስ ግንኙነት ውድ ስለሆነ ነው፦ የቲሲፒ (ግንኙነት መክፈቻ) ምልልስ አለ፣ የቲኤልኤስ (ምስጠራ) አለ፣ የይለፍ ቃል ማረጋገጫ አለ፤ ዳታቤዙ ፖስትግሬስ ከሆነ ደግሞ ለእያንዳንዱ ግንኙነት ራሱን የቻለ ፕሮሰስ (ለብቻው የሚሮጥ ፕሮግራም) ያስነሳል። አፕልኬሽኑ ባሕር ዳር፣ ዳታቤዙ አዲስ አበባ ሆኖ አንዱ ምልልስ 15 ሚሊሰከንድ ቢወስድ፣ 3 ሚሊሰከንድ ለሚፈጅ ኩዌሪ (ለዳታቤዙ የሚቀርብ ጥያቄ) ብቻ ሲባል አምስት ስድስት ምልልስ፣ ማለትም እስከ 90 ሚሊሰከንድ፣ መንገድ ላይ ይቀራል።

አሁን ማንም ሳይነካው የሚመጣውን ቁጥር እንይ። የጃቫ አፕልኬሽን መሥሪያው ስፕሪንግ ቡት ከ2.0 ጀምሮ የሚጠቀመው ፑል ሂካሪሲፒ (ባጭሩ ሂካሪ) ሲሆን፣ የፑሉ ጣሪያ 10 ነው። አብሮት የሚመጣው የዌብ ሰርቨር ቶምካት ደግሞ 200 ስሬድ (ጥያቄ ተቀብለው ጎን ለጎን የሚሠሩ የሥራ መስመሮች) አለው። ስለዚህ 200 ጥያቄ አንድ ላይ ሲገባ 10ሩ ይሠራሉ፣ 190ው ይቆማሉ። ቆመው 30 ሰከንድ ከሞላቸው ስህተት ይወረወራል፤ ሎጉ (የክንውን መዝገቡ) ላይ «አክቲቭ=10፣ አይድል=0፣ ዌይቲንግ=190» (የተያዙ፣ ነፃ የሆኑ፣ የሚጠብቁ) የሚመስል መስመር ይወጣል። ይህን መስመር ያየ ሰው እጁ ወዲያው የሚሄደው ወደ 10ሩ ነው፤ 100 ያደርገዋል። መጥፎ ልማድ ነው።

አንደኛ፣ ፖስትግሬስ ራሱ ጣሪያ አለው። ሳይነካ 100 ግንኙነት ይፈቅዳል፣ ከእነሱም 3ቱ ለአስተዳዳሪው የተያዙ ናቸው። አራት አፕልኬሽን ሰርቨር እያንዳንዳቸው 30 ቢይዙ 120 ነው፤ «ቱ ሜኒ ክላየንትስ» (ተገናኝ በዛ) የሚለው መልእክት የሚመጣው ያኔ ነው፤ ሪፖርትና ባክአፕ የሚያወጡትን እንኳ ሳንቆጥር። ሁለተኛ፣ ጣሪያው ቢነሳም ባለ 8 ኮር (የሲፒዩ ክፍል) ዳታቤዝ በአንድ ቅጽበት መቶ ኩዌሪ አይሠራም፤ ይሻማሉ፣ ሁሉም ይዘገያሉ። የፖስትግሬስ ሰዎች የሚሰጡት መነሻ ቀመር ኮሩን በሁለት አባዝቶ የዲስኩን ቁጥር መደመር ነው፤ ለ8 ኮርና ለአንድ ዲስክ 17። እሱም ለሁሉም ሰርቨሮች ተደምሮ ነው፣ ለእያንዳንዳቸው አይደለም።

መጠየቅ ያለበት «ስንት ግንኙነት አለን?» ሳይሆን «አንዱ ጥያቄ ግንኙነቱን ለምን ያህል ጊዜ ይዞ ይቆያል?» ነው። ስሌቱ ቀላል ነው፦ በሰከንድ የሚገባው ጥያቄ ብዛት ሲባዛ በመያዣው ጊዜ። ከዘጌ፣ ከሐሙሲት፣ ከመርዓዊና ከከተማው ቅርንጫፎች ተደምሮ በሰከንድ 60 ጥያቄ ቢገባ፣ አንዱም ግንኙነቱን 50 ሚሊሰከንድ ቢይዝ፣ በአማካይ የሚያዘው 3 ነው። 10ሩ ከበቂ በላይ ነው።

አሁን አንድ ፕሮግራመር «ከሒሳብዎ ወጪ ሆኗል» የሚለውን ኤስኤምኤስ በትራንዛክሽኑ (ሁሉም አብሮ የሚጸድቅ ወይም አብሮ የሚሰረዝ የዳታቤዝ ሥራ) ውስጥ ይልካል እንበል። መልእክቱን የሚያስተላልፈው ኤስኤምኤስ ጌትዌይ በደመወዝ ቀን 2 ሰከንድ ይፈጃል። ዳታቤዙ በዚያ 2 ሰከንድ ምንም አይሠራም፣ ግንኙነቱ ግን ተይዟል። 60 ሲባዛ በ2፣ 120። ፑሉ 10 ስለሆነ በሰከንድ የሚያልፈው 5 ብቻ ነው፤ 55ቱ ይጠራቀማሉ፤ አራት ሰከንድ ሳይሞላ ሁለት መቶው ስሬድ ተይዞ ያልቃል። መፍትሔው መልእክቱን ከኮሚት (ትራንዛክሽኑ ከጸደቀ) በኋላ መላክ ነው። መጥፋት የሌለበት ከሆነ ደግሞ በዚያው ትራንዛክሽን አንድ ሠንጠረዥ ላይ ጽፎ ሌላ ሥራ አንሥቶ እንዲልከው ማድረግ። የስፕሪንግ «ኦፕን ኢን ቪው» የሚባል ቅንብርም ተመሳሳይ ጉዳት አለው፤ ማንም ሳይጠይቀው በርቶ ይመጣል፣ ግንኙነቱንም መልሱ ተጽፎ እስኪያልቅ ይይዘዋል። «ፎልስ» ተብሎ ይዘጋ።

ማን እንደያዘው ለማወቅ የሂካሪን «ሊክ ዲቴክሽን ትሬሽሆልድ» (ሳይመለስ የቆየ ግንኙነት ማስጠንቀቂያ ገደብ) ለጊዜው 10000 ሚሊሰከንድ አድርጉት። ግንኙነቱን ከ10 ሰከንድ በላይ የያዘው ኮድ ከነመስመሩ ሎጉ ላይ ይወጣል። ይጠቁማል እንጂ ነጥቆ አይመልስም። ሎጉ ካልበቃ በጄስታክ (ከጃቫ ጋር በሚመጣው መሣሪያ) ሦስት የስሬድ ዳምፕ (እያንዳንዱ ስሬድ የት እንደቆመ የሚያሳይ ዝርዝር) በ10 ሰከንድ ልዩነት ውሰዱ፤ ሦስቱም ላይ ያው ቦታ የቆመው ስሬድ ነው የሚፈለገው።

እኛ ዘንድ ደግሞ ሌላ መንስኤ አለ፦ መብራት። በክረምት የጣና ዝናብና መብረቅ ሲነሳ መብራት ይሄዳል። ሰርቨሩ በዩፒኤስ ይቆያል፤ መሐል ያለው ራውተር ወይም ፋየርዎል ግን ጠፍቶ ጀነሬተር ሲነሳ እንደገና ይበራል፣ የነበሩትንም ግንኙነቶች ይረሳል። ሁለቱም ጫፎች ግንኙነቱ እንዳለ ነው የሚያውቁት። ሥራ ላይ ያልነበሩት ብዙም አያስቸግሩም፤ ሂካሪ ከመስጠቱ በፊት ይፈትሻቸዋል፣ 5 ሰከንድ ጠብቆ ይጥላቸዋል። ችግሩ ኩዌሪ ላይ የነበሩት ናቸው። ሊኑክስ የላከው ዳታ መልስ ካጣ 15 ጊዜ ደጋግሞ ይልካል፤ ይህ 15 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። ዳታው ደርሶ መልስ ብቻ እየተጠበቀ ከነበረ ደግሞ ማብቂያ የለውም፤ የፖስትግሬስ የጃቫ ድራይቨር (ማገናኛ) «ሶኬት ታይምአውት»፣ ማለትም መልስ የሚጠበቅበት ገደብ፣ ካልተሞላ 0 ነው፣ 0 ማለት ደግሞ ያለ ገደብ መጠበቅ ነው። መብራቱ ከተመለሰ ግማሽ ሰዓት ሆኖት ሲስተሙ የማይነሳው፣ ሪስታርት ሲደረግ ወዲያው የሚነሳው በዚህ ነው።

ስለዚህ «ሶኬት ታይምአውት»ን ከረጅሙ ኩዌሪ ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ ሙሉ፣ ለምሳሌ 60 ሰከንድ። «ማክስ ላይፍታይም»ን (የአንድ ግንኙነት ዕድሜ ጣሪያ) ፋየርዎሉ ዝም ያለ ግንኙነት ከሚቆርጥበት ጊዜ አሳጥሩት፤ ሂካሪ ላይ ሳይነካ 30 ደቂቃ ነው። ከዚያ በሙከራ ሰርቨር ላይ ጭነት እያለ አፕልኬሽኑንና ዳታቤዙን የሚያገናኘውን ስዊች ኬብል ነቅላችሁ የ«አክቲቭ»ን ቁጥር ተመልከቱ። በአንድ ደቂቃ ካልወረደ መጀመሪያ የምታዩት የጊዜውን መለኪያ ነው፦ ሂካሪ የሚቆጥረው በሚሊሰከንድ ነው፣ የፖስትግሬስ ድራይቨር «ሶኬት ታይምአውት» በሰከንድ፣ የሌላው ዳታቤዝ የማይኤስኪውኤሉ ደግሞ በሚሊሰከንድ። ፖስትግሬስ ላይ 60000 ብሎ የጻፈ ሰው ከ16 ሰዓት በላይ ጠብቅ ብሎታል።