የተለያየ ራም ማቀላቀል ምንድን ነው?

4 ጊጋ ራም (ኮምፒዩተሩ እየሠራ ያለውን ነገር ለጊዜው የሚይዝበት ሜሞሪ) ያለው ያገለገለ ዴስክቶፕ ከጎንደር ፒያሳ ገዝቶ ብሮውዘርና ዎርድ አንድ ላይ ሲከፍት የሚንቀራፈፍበት ሰው መጀመሪያ የሚሰማው ምክር «ራም ጨምርበት» ነው። የሚጨመረው የራም ፍሬ ግን ከነባሩ ጋር በካምፓኒ፣ በመጠን ወይም በፍጥነት ላይመሳሰል ይችላል። ማቀላቀል የሚባለው ይህ ነው።

የማይታለፈው ድንበር የራሙ ትውልድ (ዲዲአር3፣ ዲዲአር4 ወይም ዲዲአር5 መሆኑ) ነው። ዲዲአር3 240 እግር (ከታች ያሉት የብረት ማገናኛዎች) አለው፣ በ1.5 ቮልት ይሠራል። ዲዲአር4 288 እግርና 1.2 ቮልት ነው። ዲዲአር5ም እግሩ 288 ነው፤ ቮልቴጁ ግን 1.1 ሲሆን መሃሉ ላይ ያለው ቁርጥ ቦታው ይለያል። ስለዚህ አንዱ በሌላው ስሎት (ራሙ የሚሰካበት ቦታ) አይገባም፤ እምቢ ሲል መጫን ስሎቱን መስበር ነው። ተንኮለኛው የሰርቨር ራም ነው፦ ርካሽ ሆኖ ይገኛል፣ በዲዲአር3ና በዲዲአር4 ስሎቱም ውስጥ ልክ ይገባል፣ ተራ ዴስክቶፕ ግን አይነሳበትም። ተለጣፊው ላይ ከፍጥነቱ ቀጥሎ «አር» (R) ካለበት ይለፉት።

ትውልዱ አንድ ከሆነ የካምፓኒ ልዩነት ብዙም አያስጨንቅም። እያንዳንዱ ፍሬ ፍጥነቱን የሚናገር ትንሽ ቺፕ አለው፤ ባዮሱ (ኮምፒዩተሩን የሚያስነሳው ፕሮግራም) ሁለቱንም አንብቦ ለሁለቱም የሚሆነውን ይመርጣል። አንድ ቀንበር ላይ የተጠመዱ በሬዎች በዘገምተኛው እርምጃ እንደሚሄዱ ሁሉ፣ ፍጥነታቸው 2666 እና 2400 የሆኑ ፍሬዎች አንድ ላይ ሲገቡ ሁለቱም በ2400 ይሠራሉ። በዲዲአር3 ተለጣፊ ላይ ግን «ፒሲ3-12800» የሚል ነው የሚገኘው፤ 12800 ለ8 ሲካፈል ፍጥነቱ 1600 ይሆናል።

መጠኑም ሊለያይ ይችላል። በኢንቴል ማዘርቦርድ 4 ጊጋ እና 8 ጊጋ በሁለቱ ቻናሎች (ራሙን ከፕሮሰሰሩ የሚያገናኙ መስመሮች) ሲገቡ፣ ከጠቅላላው 12 ጊጋ 8ቱ (4 ከ4 ጋር) በጥምር ይሠራል፣ የተረፈው 4 ለብቻው። ከጥምሩ ይዘገያል፤ ራም ከማጣት ግን በጣም ይሻላል። አራት ስሎት ካለ ሁለቱ ፍሬዎች የትኞቹ ላይ እንደሚገቡ የቦርዱን ማኑዋል ማየት ነው፤ በብዙዎቹ ከፕሮሰሰሩ ሲቆጠር 2ኛውና 4ኛው ናቸው። ዊንዶውሱ 32 ቢት ከሆነ ግን ከ4 ጊጋ በላይ ያለውን አይጠቀምበትም፣ ብሩም በከንቱ ይቀራል።

ሲገጠም፦ ገመዱን ነቅሎ የማብሪያውን ቁልፍ ለጥቂት ሰከንድ መጫን፣ የኬዙን ብረት መንካት፣ ቁርጡን አስተካክሎ ሁለቱን ጫፎች «ቀጭ» እስኪሉ መግፋት። ቢፕ እያለ ስክሪኑ ከጨለመ ፍሬዎቹን አንድ በአንድ መሞከር ነው። በበጋ አቧራ የተሸፈኑትን የወርቅማ እግሮች በንጹህ ላጲስ ቀስ ብሎ መጥረግ ብዙ ጊዜ ይፈታዋል።

ከተነሳ በኋላ በታስክ ማናጀር የሜሞሪ ገጽ ላይ መጠኑንና ፍጥነቱን ይመልከቱ። ከዚያ ራሙ ስህተት እንዳለበት የሚፈትሹትን ፕሮግራሞች፣ ሜምቴስት86 ወይም የዊንዶውሱን ሜሞሪ ዳያግኖስቲክ፣ ያስኪዱ፤ ሜምቴስቱ ሰዓታት ስለሚወስድ መብራት በማይጠፋበት ሰዓት ይጀመር። ሁለቱ ለየብቻ አልፈው አንድ ላይ ሲሆኑ ስህተት ካሳዩ አልተበላሹም፣ አልተስማሙም ነው። ለዚህ ሲባል ነባሩን ራም ይዞ ሄዶ፣ ካልገጠመ እንደሚመለስ ተስማምቶ መግዛት ይሻላል።