ስለ ማይክሮሲስቲን የተቀመጡት ሁለት ቁጥሮች ምን ማለት ናቸው?

በባሕር ዳር በኩል የጣና ውሃ አልፎ አልፎ አረንጓዴ ቀለም የተበጠበጠበት ሲመስል፣ ቀለሙን የሚሰጡት በዓይን የማይታዩ ሳይኖባክቴሪያዎች ሊሆኑ ይችላሉ፤ ከእነዚህም አንዳንዶቹ ማይክሮሲስቲን የተባለ ጉበትን የሚጎዳ መርዝ ያመነጫሉ። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ሁለት ወሰኖችን ማስቀመጡ ብዙዎችን ግራ ያጋባል፦ በሊትር 1 ማይክሮግራም እና 12 ማይክሮግራም።

የመጀመሪያው፣ 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው በቀን 2 ሊትር እየጠጣ ዕድሜ ልኩን ቢኖር ጉዳት እንዳያገኘው የተሰላ ሲሆን፣ ሁለተኛው ውሃው እስኪስተካከል ድረስ ለሁለት ሳምንት ያህል ብቻ የሚፈቀድ ነው። ስለዚህ አንድ ቀን 5 ማይክሮግራም ቢገኝ ሕዝቡ ተመረዘ ማለት አይደለም፤ መጠኑ ለወራት ከዘለቀ ግን በቸልታ ሊታለፍ አይገባም። ጡጦ የሚጠቡ ሕፃናት ከክብደታቸው አንጻር ብዙ ስለሚጠጡ፣ መጠኑ በሊትር ከ3 ማይክሮግራም ሲያልፍ ወተታቸው በሌላ ንጹሕ ውሃ ቢበጠበጥ ይመረጣል።

ከሁሉም የሚያሳስበኝ «አፍልተን እንጠጣለን» የሚለው እምነት ነው። ማፍላት ተሕዋስያንን ቢገድልም መርዙ ሙቀትን ይቋቋማል፤ እንዲያውም ሴሎቹ ሲፈነዱ በውስጣቸው የነበረው ወደ ውሃው ይለቀቃል። በዛጎል ለበስ የባሕር እንስሳት ሥጋ ውስጥ የሚከማቸው ሳክሲቶክሲን የተባለ ሌላ መርዝም እንዲሁ በመቀቀል አይጠፋም፤ ሁለቱንም በእርግጠኝነት የሚለየው የላቦራቶሪ ምርመራ ብቻ ነው።